ፊርማው የልጅ፣ ጭንቀቱ የእናት

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅ ዕለት አቃቂ ቃሊቲም እንደ ሌላው ሰፈር እንቅልፍ የላትም። ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀርባ ካሉት ጠባብ ግቢዎች እስከ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ ሁሉም ስልኩ ላይ ተተክሎ ያድራል። የመለያ ቁጥር ይገባል፣ ገጹ ይሽከረከራል፣ አሁንም ይሽከረከራል። በመጨረሻ ውጤቱ ብቅ ይላል። ስክሪንሾት! ካለፈው ልጅ ቤት እልልታ ይሰማል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት "እንኳን ደስ አላችሁ" ሊል ይመጣል።

ደስታው ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ፤ ያም ሆኖ ከ585 ሺህ በላይ ተፈታኝ መሀል ያለፈው 48,929 ነው። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢጨፍር ማን ይፈርድበታል?

እንግዳው ሄዶ ስኒው ሲታጠብ ግን እናት አንድ ጥያቄ ይዛ ትቀመጣለች። "አሁን በምን ልላከው?"

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው የሚል አለ። ዕዳ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ቤታችሁን ትሸጣላችሁ የሚልም አለ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። እውነቱን ፍለጋ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስማርት ስልክ የያዘው ልጅ ነው፤ ማለትም እናንተ።

ነፃ የነበረው መቼ ነው?

የእናንተ ታላላቆች፣ የአጎትና የአክስት ትውልድ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ወጪ ነበር። ጋሼ እገሌ "እኛ እኮ በነፃ ነው የተማርነው" ሲሉ አልዋሹም። ያ አሠራር የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ነው። ስሙም "የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት" ይባላል። ተማሪው አፍ ውስጥ ሲገባ "ኮስት ሼሪንግ" ሆነ፤ ዛሬ ግቢ ውስጥ በአማርኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ብዙም አታገኙም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪው ሲገባ ከኪሱ አይከፍልም። መንግሥት ይሸፍንለታል። ተማሪው ግን ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ድርሻውን ይመልሳል። ድርሻው በደንቡ መሠረት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከትምህርቱ ወጪ ላይ ቢያንስ 15 በመቶው ነው። ሁለተኛው የምግብና የመኝታ ወጪ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው። አከፋፈሉ ከወር ገቢ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ በአሠሪው በኩል እየተቆረጠ ሲሆን፣ ረጅሙ ጊዜ 15 ዓመት ነው።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 "አሁን ተማር፣ ገቢ ስታገኝ ክፈል" የሚለውን አሠራር ስትጀምር ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ ለተማሪዎች ብድር የሚሰጥ ራሱን የቻለ ቦርድ አቋቁማለች። ልዩነቱ ኬንያዊው ተማሪ "ብድር ልጠይቅ" ብሎ አመልክቶ ሲወስድ፣ የእኛ ተማሪ ብዙ ጊዜ በምዝገባ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሞ "እዚህ ጋ ፈርም" ተብሎ መፈረሙ ነው። ብድር እንደወሰደ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

እናት የምትፈራው

የአቃቂን ሰው አስቡት። ይህ አካባቢ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው ብዙ ቤተሰብ አሳድጓል። ከዚያ ውጭ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ እናት አለች፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ አለች፣ በቀን ሥራ የሚያድር አባት አለ፣ ከመሀል ከተማ ተነስቶ ኮንዶሚኒየም የገባ፣ የቤቱን የባንክ ዕዳ ገና ያልጨረሰ አለ። እንዲህ ያለ ሰው "ዕዳ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ቢደነግጥ አይገርምም።

ስለዚህ "ልጄ፣ ይኼ ወረቀት ቤቱን አያስይዝብንም?" ብትል ሞኝነት አይደለም። ከዚህ በፊት የምታውቀው ብድር ሁሉ መያዣ ወይም ዋስ የሚጠይቅ ነበር። የአነስተኛ ብድር ቡድን ውስጥ ገብታ የጓደኛዋን ዕዳ የከፈለች እናት ብዙ ናት።

መልሱን በግልጽ ንገሯት። "እማዬ፣ ውሉን የምዋዋለው እኔ ነኝ። ቤት አያስይዝም፣ ካርታ አይጠይቅም። የሚቆረጠው ነገ እኔ ሥራ ስይዝ ከእኔ ደመወዝ ላይ ነው።" ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለመስማት የሚቸገር ቤተሰብ አለ። ልጁን "ዘንድሮ ይቅርብህ፣ መጀመሪያ ሥራ ፈልግ" የሚል አባት ሁሉ ትምህርት ጠልቶ አይደለም፤ ያልገባውን ወረቀት ፈርቶ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

እናትን ካረጋጋችሁ በኋላ ደግሞ ራሳችሁን አታታልሉ። ዕዳው ዕዳ ነው።

ለረጅም ጊዜ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ግድ ነበር፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ መብላት የሚቻልበት ገበያ የት አለ? ካፌ ውስጥ የቀጠነ ሽሮ የበላ ሁሉ ይመሰክራል።

ግን ደንቡ የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ድርሻ ይታሰባል ካለ፣ ጭማሪው ሁለት ፊት አለው ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። በቀን 100 ብር፣ በወር 3,000 ብር ነው። የትምህርት ዘመኑን 10 ወር ብንለው 30,000 ብር ይሆናል። 5 ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ለሚማር 150,000 ብር። ይህ ገና ምግቡ ብቻ ነው፤ መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ አልተደመረበትም። በ22 ብር ዘመን ቢሆን ይኸው ስሌት 33,000 ብር ነበር የሚመጣው።

አሁን ተመርቃችሁ በወር 10,000 ብር የሚከፈልበት ሥራ አገኛችሁ እንበል። 10 በመቶው 1,000 ብር ነው። 150,000 ብርን በወር 1,000 እየከፈሉ ለመጨረስ 150 ወር፣ ማለትም 12 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ደመወዝ ሲያድግ ያጥራል። ሥራ ፍለጋ ዓመት ሁለት ዓመት ከፈጀ ደግሞ ይገፋል።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በ150,000 ብር 5 ዓመት የሚያበላ፣ በዚያ ላይ የሚያስተምር ሌላ ቦታ የለም። የግል ኮሌጅ ይህ ውል የለውም፤ እዚያ ክፍያው ዛሬ ነው፣ ከኪስ ነው። ወጪ መጋራት ለድሃ ልጅ የተከፈተ ትልቅ በር መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን የሚገባበትን በር አውቆ የገባና ሳያውቅ የገባ እኩል አይደሉም። ተመኑም በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ የምትፈርሙት ቅጽ ላይ ለዓመቱ የተጻፈውን ቁጥር ራሳችሁ እዩት። ጓደኛ የነገራችሁን ወይም እኔ እዚህ የጻፍኩትን ይዛችሁ አትፈርሙ።

ቅጹ ምን ይጠይቃል?

የስምምነት ቅጹ ረጅም አይደለም። ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የእናት ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት፣ የገባችሁበት ዓመትና የትምህርት ክፍል ይጠይቃል። ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል፤ የትኛውን አገልግሎት ትፈልጋላችሁ? ምግብ ብቻ? መኝታ ብቻ? ሁለቱንም? በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ?

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ግቢ ውስጥ "ካፌ" እና "ነን ካፌ" የሚባለው ልዩነት ከዚህ ይመጣል። ነን ካፌ የሆነ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይወስዳል። ብዙ ልጅ ገንዘቡን የኪስ ስጦታ ይመስለዋል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያልቅና ቀሪውን ወር የጓደኛ ዶርም ሲዞር ይከርማል። በእጅ የተወሰደውም በካፌ የተበላውም እዚያው ዕዳ ላይ ይመዘገባል።

ለአቃቂ ልጅ ደግሞ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ነው። ከተቋቋመበት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከአገሪቱ ጥግ ልጆች እየመጡ ይማሩበታል። የሰፈራችን ልጅ እዚያ የመግባት ዕድል ካገኘና እናቱ ቤት እያደረ መማር ከቻለ፣ የማይተኛበትን አልጋ ምን አስፈረመው? የምትጠቀሙበትን ብቻ ምረጡ። ቤት ማጥናት የማይቻል ከሆነ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው የሚያድር ከሆነ ደግሞ ዶርሙን ውሰዱ፤ ያ ገንዘብ ባከነ አይባልም። ዋናው ነገር ሳታስቡ አለመፈረም ነው።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው ሦስቱም ሦስት ዓይነት የሆነበት ልጅ ስንቱ ነው! "ምን ችግር አለው፣ አንድ ፊደል ነው" አትበሉ። ያቺ አንድ ፊደል ስትመረቁ ከቢሮ ቢሮ ታንከራትታችኋለች። አሁኑኑ አስተካክሉ።

ውሉ የሚታደሰውም በየዓመቱ ነው። በፈረማችሁ ቁጥር ፎቶ አንሡት፤ ቴሌግራም ላይ "ሴቭድ ሜሴጅ" ውስጥ አስቀምጡት። ስትመረቁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና ኦርጅናል ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት ክፍያ ማጠናቀቂያ ትጠየቃላችሁ። በተለይ ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚሮጥ ልጅ ይህ ነገር ድንገት ፊቱ ድቅን የሚለው የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ ሲል ነው። ስንት ዓመት፣ ስንት ብር እንደፈረመ በእጁ የያዘ ልጅ ቢያንስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ውሉ የማይሸፍነው

ከዚህ ሁሉ በኋላ እናት "ታዲያ እኔ ምንም አላወጣም?" ብትላችሁ መልሱ "ታወጫለሽ" ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢዎችን ሲጠሩ የሚያወጡትን ማስታወቂያ አይታችኋል። ዋናውና ኮፒው የትምህርት ማስረጃ፣ 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ልጁ ጅማ ወይም ጅግጅጋ ከተመደበ የትራንስፖርት አለ፤ ዓመት በዓል መጥቶ መመለስ አለ። ግቢ ከተገባ በኋላ የሃንድአውት ኮፒ፣ የሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ለሴት ልጅ የንጽህና መጠበቂያ። አንድ አንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ለቀን ሠራተኛ ቤት ተራራ ነው።

ለዚህ የሚሆን መንገድ አለ፤ ግን የሚጠይቅ ብቻ ነው የሚያገኘው። ቤተሰቡ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ ማጻፍ አንዱ ነው። ከአቃቂ ተነስቶ ሌላ ክልል ከሄዱ በኋላ ያንን ደብዳቤ ለማምጣት መመለስ ወጪ ነውና ሳትሄዱ አጽፉት። ግቢ እንደደረሳችሁ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮ የት እንደሆነ ጠይቁ፣ ተማሪዎች የሚያንቀሳቅሱት የበጎ አድራጎት ክበብ ካለ ፈልጉ። የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ደግሞ በግልጽ ያሳውቅ። ለምሳሌ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሆን በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን የሚደግፍ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። "አፍሬ ነው" ብሎ ዝም ያለን ተማሪ ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። ምደባ በወጣ ሰሞን "ምደባ አስቀይራለሁ"፣ "ሙሉ ስኮላርሺፕ አለ፣ የፎርም ብቻ ክፈሉ" የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ ይፈላል። እናት ለብርድ ልብስ ያጠራቀመችው ብር ወደማይታወቅ ሰው ሒሳብ በአንድ ደቂቃ ይሄዳል። ምደባ የሚወጣው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። ቅድሚያ ብር የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

መረጃ ብቻውን አይበቃም

"ይኼን ሁሉ መረጃ ቻናል ላይ ብንለጥፈው አይበቃም?" የሚል ይኖራል። አይበቃም። ይህ ደግሞ የእኔ ግምት አይደለም፤ ተሞክሮ የታየ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ የሚገኘው "ፋፍሳ" የሚባል ቅጽ ተሞልቶ ነው። ቅጹ የወላጅን ገቢና የግብር ወረቀት ይጠይቃል። በኦሃዮና በሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አደረጉ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ግብራቸውን ሊያሠሩ ወደ ቢሮ ሲመጡ፣ ለከፊሎቹ ባለሙያው እዚያው ቅጹን አብሯቸው ሞላላቸው፤ የፈጀውም 10 ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው። ለሌሎቹ ምን ያህል ድጋፍ ሊያገኙ እንደሚችሉ ተነገራቸው፤ ቅጹን ግን ራሳችሁ ሙሉ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት፣ አብረው ከተሞላላቸው ቤተሰቦች የመጡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መሀል በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ያጠናቀቁት 36 በመቶ ሲሆኑ፣ እርዳታ ያላገኙት 28 በመቶ ነበሩ። መረጃ ብቻ የተሰጣቸውስ? ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየባቸውም።

አስቡት፤ 10 ደቂቃ!

እዚያው አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አባት ታክሲ እየነዳ ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት ሲሞክር ቅጹን የሚያነብለትና የሚተረጉምለት ራሱ ልጁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ አዲሱ የፋፍሳ ቅጽ ሥራ ሲጀምር፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ድርሻቸውን መሙላት አቅቷቸው ልጆቻቸው ለወራት ተንጠልጥለዋል። አገሩ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው ቢሮ ነው፣ የሚፈራው ወላጅ ነው፣ መሀል ላይ ቆሞ የሚያስታርቀው ልጅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አቃቂ ውስጥ የሚያስተባብር ድርጅት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰፈራችን የራሱ መሰብሰቢያ አለው። ዕድር በወር አንድ ቀን ይሰበሰባል። ምደባ ከወጣ በኋላ ባለው ስብሰባ ላይ ዳኛውን "ጋሼ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ስጡን" ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት የደረሰ የሰፈር ተማሪ ካለ የራሱን ውል ፎቶ ይዞ ይምጣ። "ይኼ ነው የሚፈረመው፣ ይኼን ያህል ነው፣ እናት አባት ላይ የሚመጣ የለም" ብሎ ያሳያቸው። ከሚኒስቴር መግለጫ ይልቅ የእትዬ እገሌ ልጅ የተናገረው ይታመናል።

እናንተ ደግሞ በየግላችሁ ሦስት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው፣ ቅጹን ከወላጅ ጋር ጮክ ብሎ ማንበብ። የማንበብ ችግር ያለባት እናት ብትሆንም ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች። እውነት ለመናገር ከልጁ የተሻለ ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ ናት። "ካቋረጥክስ? ከታመምክስ?" ትላለች። መልሱን ካላወቃችሁ ጻፉትና ምዝገባ ላይ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ለጎረቤት ልጅ አሥር ደቂቃ መስጠት። ሁሉም ቤት ስማርት ስልክ የለም፤ ያለውም ዳታ የለውም። በሪሜዲያል ለሚገባውም ቢሆን የጥሪ ማስታወቂያውን አውርዶ ማሳየት፣ ማስረጃውን ስካን ማድረግ፣ ስሙ በትክክል መጻፉን ማየት ብዙ አይደለም። እናንተ ቲክቶክ ላይ የምታጠፉት ጊዜ ስንት ልጅ ይሞላለታል?

ሦስተኛው ደግሞ አደራ ነው። ዛሬ ግቢ ውስጥ የሚበላው ምግብ ከፊሉ ትናንት ተመርቀው ሥራ የያዙት ከሚመልሱት ሊመጣ ነበር የታሰበው። "መንግሥት እኔን የት ያገኘኛል" የሚለው ቀልድ ሲደጋገም፣ ከኋላ የሚመጣው የቃሊቲ ልጅ ሽሮ እየቀጠነ ይሄዳል። በሌላ በኩል ተመራቂው ሥራ ካላገኘ ከምን ላይ ይመልሳል? ይህ ጥያቄ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ውሉን ያስፈረመውም አካል ሊመልሰው የሚገባ ነው። ዕዳ ሲጨምር ለተማሪው በግልጽ ይነገረው፣ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት፣ ለማንበብ ጊዜ ይሰጠው። የምዝገባ ሰልፍ ላይ ቆሞ የ15 ዓመት ውል መፈረም ለ18 ዓመት ልጅ ተገቢ አይደለም።

ዘንድሮ ከሰፈራችሁ ያለፈ ልጅ ካለ "እንኳን ደስ አለህ" ብቻ ብላችሁ አትለፉት። "ፎርምህን አይተኸዋል? እናትህስ ገብቷታል?" በሉት። "አይ" ካለ ቁጭ በሉና አብራችሁ እዩት።